ዝናብ ነበር

በቅርቡ ለቅሶ ተቀምጠን ነበር። ኮተቤ፣ ሼባው ቤት። ጓደኛችን የሞተው ግን እዚህ አይደለም። ጊንዳ ነው የሞተው፤ ከአሥመራ ወደ ምጽዋ በሚወርደው መንገድ ላይ። መድረስ አንችልም። ከአዲስ አበባ አሥመራ የነበረው በረራ ከ2016 ነሐሴ መጨረሻ ጀምሮ ቆሟል። ስለዚህ ስድስት የባሕር ኃይል ኮሌጅ የኮርስ ጓደኛሞች፣ ሬሳም ድንኳንም በሌለበት ሳሎን ውስጥ ጥቁር ለብሰን ተቀመጥን።

ንፍሮ ቀረበ፣ ሻይ ቀረበ። እንደ ወጉ ስለ ሟች ማውራት ተጀመረ። ከዚያ አንዱ፣ እኔ ሰባት ዓመት ሙሉ ስሸሸው የኖርኩትን ታሪክ አነሳው። "በ1990 ሲወስዱት ከመሃላችን ጣቢያው በር ድረስ የሄደው እኮ ይሄ ነው" አለ፣ በአገጩ ወደ እኔ እያሳየ። "ዘበኛው አላስገባ ቢለውም ዝናብ ላይ ቆሞ ነው የዋለው።"

ሁሉም ዞረው አዩኝ። አስተያየታቸው ላይ አክብሮት ነበር። የሼባው ልጅ፣ ሠላሳ ዓመት ያልሞላው ልጅ፣ ብድግ ብሎ ሻይ ጨመረልኝ።

ሻዩን ጠጣሁ።

እኔ ግን አልሄድኩም ነበር። በር ላይ አልቆምኩም። አንድ ጠብታ ዝናብ አልነካኝም። ይህን የምጽፈው ያን ሻይ ከጠጣሁ ወዲህ እንቅልፍ አልወስድ ስላለኝ ነው።

ባሕርን ከተራራ ላይ

በ1975 ኮሌጁ ስንገባ አብዛኞቻችን ባሕር አይተን አናውቅም። የሚገርመው ከገባንም በኋላ ቶሎ አላየነውም። ኮሌጁ አሥመራ ነው፣ ከ2300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ። ጠዋት ጠዋት በብርድ እየተንቀጠቀጥን ስለ ማዕበልና ስለ ሞገድ እንማራለን። ሰሌዳው ላይ ባሕር አለ፣ ካርታው ላይ ባሕር አለ፣ በመስኮት ስናይ ግን ያለው ተራራ ነው። ባሕሩ 115 ኪሎ ሜትር ቁልቁል ነው።

ከመሃላችን ባሕሩን ከልጅነቱ የሚያውቅ አንድ ልጅ ነበር። የጊንዳ ልጅ ስለሆነ "ወዲ ጊንዳ" አልነው፤ በዚያው ቀረ። አልጋችን ጎን ለጎን ነበር። አማርኛው በትግርኛ ዜማ ነው፣ ሲናደድ ደግሞ ጨርሶ ትግርኛ ይሆናል። የካርታ ሥራ የምንሠራው ሁለት ሁለት እየሆንን ነው፤ የእኔ ጥንድ እሱ ነው። መርከቧ ከዚህ ተነስታ በዚህ ፍጥነት፣ በዚህ አቅጣጫ ብትሄድ ከስንት ሰዓት በኋላ የት ትደርሳለች? እኔ አሰላለሁ፣ እሱ ያሰምራል። አንድ ዲግሪ ከተሳሳትን ዳህላክ ደሴቶች ላይ እንወጣለን። ብዙ ጊዜ ዳህላክ ላይ ወጥተናል።

ጫማ ማብራትም ያስተማረኝ እሱ ነው። ይሄ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። ዕጩ መኮንን ጫማው ካላበራ ቅዳሜ ከግቢ አይወጣም፤ ቅዳሜ ካልወጣ ደግሞ የአሥመራው ዋና ጎዳና ኮምቢሽታቶ የለም፣ ማኪያቶ የለም፣ ሲኒማ የለም። እኔ ቀለም ለቅልቄ በብሩሽ እፈትግ ነበር። እሱ ጥጥ ወሰደ፣ ጫፉን ውሃ ነክሮ ጨመቀው፣ ትንሽዬ ቀለም ቀባና በክብ በክብ፣ በቀስታ፣ የጫማውን አፍንጫ ብቻ ሩብ ሰዓት ሙሉ አሸው። "አትቸኩል፣ ቆዳው እስኪጠጣ ጠብቀው" ይለኛል። መጨረሻ ላይ ጎንበስ ብዬ ሳየው የጣሪያው አምፖል ጫማው ላይ ይታይ ነበር። እስከ ዛሬ ጫማዬን የማበራው እንደዚያ ነው። ልጆቼም እንደዚያ ነው የሚያበሩት፤ ከማን እንደመጣ አያውቁም።

ለመጀመሪያ ጊዜ ለልምምድ ወደ ምጽዋ ስንወርድ፣ ነፋሲትን አልፈን ከደመናው ስር ስንገባ ሙቀቱ እንደ እንጀራ ምጣድ ፊታችንን መታን። ጊንዳ ላይ መኪናው ቆመ። እናቱ መንገድ ዳር ቆመው እየጠበቁት ነበር፣ ብርቱካን በዘንቢል ይዘው። ለእሱ ብቻ አልነበረም የያዙት። ለሃያ ሰባታችንም ነበር።

መርከቦቹ ሲሄዱ

ከዚያ በኋላ ያለውን አንባቢ ያውቀዋል፣ አላረዝምም። በ1979 ተመረቅን። የካቲት 1982 ምጽዋ ወደቀች፤ ከሃያ ሰባታችን አራቱ እዚያ ቀሩ። ግንቦት 1983 ላይ የተረፉት መርከቦች ወደ የመንና ወደ ሌላ ወደብ ተበተኑ። "ኢትዮጵያ" የምትባለው ትልቋ መርከባችንም የመን ገብታ በዚያው ቀረች፣ በኋላም ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች። እኔም በአንዲት ትንሽ ጀልባ የመን ገብቼ ከዓመት በኋላ ተመለስኩ። ሀገር አለኝ፣ ባሕር የለኝም፣ ሥራ የለኝም።

ወዲ ጊንዳ ግን አዲስ አበባ ነበር። የጉለሌ ልጅ አግብቶ ሁለት ሴቶች ልጆች ወልዷል። የመርከብ ሞተር የሚያውቅ ሰው ጀነሬተር አያቅተውምና አንዲት ጠባብ የጥገና ቤት ከፈተ። ስመለስ ማንም ሥራ አልሰጠኝም። "የቀድሞ ሠራዊት" የሚለው ቃል ከስሜ በፊት ይገባ ነበር። እሱ ግን ምንም ሳይጠይቀኝ የጋራዡን ቁልፍ ግማሽ ቀን ለእኔ ሰጠኝ። ሁለት ዓመት ያህል ቤት ኪራዬ የተከፈለው ከዚያች ጋራዥ ነው።

በ1985 የኤርትራ ነፃነት ሪፈረንደም ሲደረግ እሱም እንደ ብዙዎቹ አዲስ አበባ ላይ ተመዝግቦ ድምፅ ሰጠ። እናቱን ለማስደሰት ነው ብሎ ነገረኝ፤ እኔም ምንም አልመሰለኝም። በ1990 ቤቱን የመታችው ግን ያቺው መዝገብ ነች።

አንድ እግር ጫማ

ሰኔ 1990። የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት ከተጀመረ አንድ ወር አልፎታል። ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ በራችን ተንኳኳ። የወዲ ጊንዳ ባለቤት ነች። ነጠላዋ ርሷል፣ እግሯ ጭቃ ነው፣ ከጉለሌ ኮተቤ እንዴት እንደመጣች እንጃ። ሌሊት ወስደውታል። ጣቢያ ነው ያለው። ዛሬ ውክልና እንዲሰጣት ተፈቅዶለታል፣ ጋራዡ በስሟ እንዲሆን። ምስክር ያስፈልጋል። "ና አብረን እንሂድ" አለችኝ።

"ሂጂ፣ እደርሳለሁ" አልኳት። "ልብሴን ልልበስና እደርሳለሁ።"

ሄደች። ገብቼ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። ሱሪዬን ለበስኩ። ካልሲ አደረግኩ። የቀኝ ጫማዬን አጥልቄ ክሩን አሰርኩ። የግራውን አነሳሁት፣ ያዝኩት።

ከስድስት ዓመት ፍለጋ በኋላ ሥራ ካገኘሁ ገና ሁለተኛ ወር ላይ ነበርኩ። የመንግሥት መሥሪያ ቤት፣ የሙከራ ጊዜ ላይ ነኝ። ጣቢያ ሄጄ ስሜን ምስክር ብዬ ብጽፍ፣ ያ ወረቀት የት ይደርሳል? ማን ያየዋል? "የቀድሞ ባሕር ኃይል፣ ኤርትራዊ ጓደኛ ያለው" ቢሉኝስ? ይህን ሁሉ ሳስብ ጫማው እጄ ላይ ነው። ባለቤቴ ከጓዳ ታየኛለች። ምንም አላለችኝም። "ልጆችህን አስብ" ብላኝ ቢሆን ኖሮ በእሷ አሳብቤ እኖር ነበር፤ እሷ ግን አንዲት ቃል አልወጣትም። ውጭ ዝናቡ ጣሪያውን ይቀጠቅጠዋል። "ትንሽ ያባራ" አልኩ ለራሴ። ትንሽ አባራ። "ሥራ ይረፍድብኛል፣ ማታ እሄዳለሁ" አልኩ። የግራውን ጫማ አጥልቄ ሥራ ሄድኩ።

ማታም አልሄድኩም።

ከራስ በላይ ንፋስ ይባላል። ስንት ሰው በዚህ ተረት ራሱን እንደሸፈነ እንጃ፤ እኔ ግን ለብሼው ከርሜያለሁ፣ ብርድ አያስጥልም። ምስክር ሆና የፈረመችው ጎረቤታቸው ያለች እንጀራ ሻጭ እንደሆነች በኋላ ሰማሁ። ለአብሮ መማር የላትም፣ ለኮርስ የላትም። እንጀራ ነበር የምትሸጥላቸው።

ከቀናት በኋላ በአውቶቡስ በቡሬ በኩል ወደ ኤርትራ ተወሰደ። ባለቤቱና ልጆቹ ቀሩ። በ1994 ቀይ መስቀል ቤተሰብ ሲያገናኝ መረብን ተሻግረው ሄዱለት። በእነዚያ አራት ዓመታት ሦስት ጊዜ ብር በሰው ልኬላታለሁ። በአካል ሄጄ ግን አላየኋትም።

291

ሐምሌ 2010 ላይ ስልክ ተከፈተ። ያን ሰሞን የነበረውን የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ፤ ሰው የማያውቀው ቁጥር ላይ እየደወለ "አሥመራ ነው? እንዴት ናችሁ?" ይል ነበር። እኔ አልደወልኩም። ቁጥሩን ሊያገኝልኝ የሚችል ሰው ነበር፣ አልጠየቅኩም።

እሱ ደወለ። ስልኬ ላይ 291 ብሎ የሚጀምር ቁጥር ሳይ እጄ ቀዘቀዘ።

"ዓርከይ" አለኝ። ድምፁ ወፍሯል፣ ዜማው ግን ያው ነው። ከዚያ ሁለታችንም ለጥቂት ጊዜ አላወራንም፤ መተንፈሱን እሰማዋለሁ። ቀጥሎ የኮርሱን ልጆች በአልጋቸው ቅደም ተከተል ከበሩ ጀምሮ ይጠይቀኝ ገባ። እኔ ረስቼው ነበር ማን የት እንደሚተኛ። እሱ አልረሳም።

ቄሱስ? ቄሱ ሂሳብ አስተማሪ ሆነ፣ ደብረ ብርሃን፣ አሁን ጡረታ ወጥቷል። ቁመቴስ? ቁመቴ ቶሮንቶ ነው፣ ከባድ መኪና ይነዳል፣ ልጁ ዶክተር ሆናለች። ካፒቴኑስ? እውነትም ካፒቴን ሆነ፣ ንግድ መርከብ ላይ፣ ከሁላችን ባሕሩ ላይ የቀረው እሱ ብቻ ነው። ዝምተኛውስ? ዝምተኛው በ1990 እንደገና ተጠርቶ ዘመተና አልተመለሰም። እዚህ ላይ ዝም አለ። ዝምተኛው የተሰለፈው በየትኛው በኩል እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን። "ነፍስ ይማር" አለ ወዲ ጊንዳ፣ ለየት ባለ ድምፅ፣ ከዚያ ወደሚቀጥለው አልጋ አለፈ።

ሁሉንም ጨርሶ እኔ ዘንድ ደረሰ። አሁን ይጠይቀኛል ብዬ ወንበር ያዝኩ። እሱ ግን እንዲህ አለኝ፣ ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ። "ያን ቀን መምጣትህን ነግራኛለች። ዘበኛው አላስገባህም። ዝናብ ነበር አሉ። ሃያ ዓመት ሙሉ፣ ሰው የለኝም ባልኩ ቁጥር አንተ በር ላይ ቆመህ ትታየኛለህ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።"

አፌ ደረቀ። የሆነ ስህተት አለ ማለት ነበረብኝ። አልመጣሁም፣ ይቅር በለኝ ማለት ነበረብኝ። ቃሉ ጉሮሮዬ ድረስ መጥቶ ነበር። የወጣው ግን ሌላ ነው።

"አዎ" አልኩት። "ዝናብ ነበር።"

እውነት ነው፣ ዝናብ ነበር።

ጊንዳ

በ1990 ያልሄድኩት ፈርቼ ነው። ሰው ይፈራል፣ ይህን ለራሴ ይቅር ማለት ሳልችል አልቀርም። በ2010 ግን ምን ፈራሁ? የሚያስረኝ የለም፣ ከሥራ የሚያባርረኝ የለም፣ ጡረታ ልወጣ ነው። የፈራሁት እሱ ልብ ውስጥ ያለውን ያንን በር ላይ የቆመ ሰው ማጣት ነው። ሰውየው እኔ አይደለሁም፤ ግን ወደድኩት።

ጥቅምት 2011 ልነግረው ቆርጬ ሄድኩ። በአውሮፕላን ከሁለት ሰዓት ያነሰ መንገድ ነው፤ ሃያ ዓመት የፈጀ መንገድ። አሥመራ ላይ ተቃቀፍን። አላለቀስንም፣ ተሳሳቅን እንጂ፤ ሁለታችንም ፀጉር የለንም። በማግሥቱ ወደ ጊንዳ ወረድን። ነፋሲት ላይ ያው ደመና፣ ከደመናው ስር ያው ሙቀት። እናቱ ካረፉ ቆይተዋል። ቤታቸው ግን አለ፤ ፓምፕ እየጠገነ የሚኖረው እዚያው ነው።

ቡና ተፈላ። እሱ ብርቱካን ላምጣ ብሎ ወጣ። ከባለቤቱ ጋር ሁለታችን ቀረን። ረከቦቱ ላይ አቀርቅራ ሲኒ ታጥባለች። ጉለሌ የማውቃት ቀጭን ልጅ አሁን ዓይኗ ዙሪያ ተሸብሽቧል።

"ልትነግረው ነው የመጣኸው አይደል?" አለችኝ፣ ቀና ሳትል።

"አዎ" አልኳት።

"ለማን ብለህ?"

መልስ አጣሁ። ሲኒውን አስቀመጠችው።

"አውቶቡሱ ውስጥ ሲያስገቧቸው መስኮቱ ጋ ደርሼ ነበር። ስለ ልጆቹ ጠየቀኝ። ቀጥሎ፣ ጓደኞቼስ? አለኝ። ምን ልበለው? ማንም አልመጣም ልበለው? አንተን የጠራሁት ሌላ የማውቀው ቤት ስላልነበረ ነው። መጥቷል፣ አላስገቡትም፣ ዝናብ ላይ ቆሟል አልኩት። በዚያ ነው የሄደው። እዚህ ስንት ነገር አልፏል መሰለህ። ትልቋ ልጅ በሱዳን በኩል ወጣች፤ ስዊድን እስክትደርስ ዓመት ድምጿን አልሰማንም። ያኔም እሷን ነበር የሚያነሳት፣ ያቺን በር። አሁን መጥተህ ትወስድበታለህ? አትውሰድበት።"

"አንቺስ?" አልኳት። "አንቺ ይቅር አልሽኝ?"

"ቡናህ እንዳይቀዘቅዝ" አለችኝ።

እሱ ተመለሰ፣ በዘንቢል ብርቱካን ይዞ። አልነገርኩትም። በሚቀጥለው ቀን ምጽዋ ወርደን፣ በጦርነቱ የፈረሰውን ቤተ መንግሥት እያየን፣ ጉርጉሱም አሸዋው ላይ ሱሪያችንን ሰብስበን ቆምን። ያኔም አልነገርኩትም። ሆድ ከሀገር ይሰፋል ይላሉ። የእኔ ሆድ ያን ቀን ቀይ ባሕርን ችሎ ቆሟል።

ከዚያ ወዲህ በየሳምንቱ በኢሞ ነበርን። የኮርሱ የቴሌግራም ቡድን ውስጥም ቁመቴ አስገባው። የሽማግሌ ወሬ ነው፤ የስኳር ልኬት፣ የጉልበት ሕመም፣ የልጅ ሠርግ፣ የልጅ ልጅ ፎቶ። እሱ ደግሞ አዲስ ሰው ቡድኑ ውስጥ በገባ ቁጥር ያቺን ታሪክ ይነግርልኛል። አሥር ሰው ከሥሯ ልብ ይልክልኛል። እኔ ስልኩን ዘግቼ አስቀምጣለሁ።

አርባው

እንግዲህ ከሻዩ ለቅሶ በኋላ አርባው መጣ። እንደገና ሼባው ቤት ተሰበሰብን። ከዚያ በፊት ግን ጊንዳ ደውዬ ነበር። "አሁን እሱ የለም" አልኳት፣ "ልነግራቸው ነው።" ቆየችና "አሁን ያንተ ነው፣ እንዳሻህ" አለችኝ።

ዝክሩ ተበልቶ፣ ካህኑ ጸሎት አድርሰው ከሄዱ በኋላ ተነሳሁ። ተቀምጬ መናገር አልቻልኩም። ከበሩ መንኳኳት ጀምሬ እስከ ግራው ጫማ ድረስ ነገርኳቸው። እንጀራ ሻጯን ነገርኳቸው። "ዝናብ ነበር" ማለቴንም ነገርኳቸው። ማንም አላቋረጠኝም። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ሲባል እሰማ ነበር፤ እኔ ሃያ ምናምን ዓመት አሳድሬዋለሁ።

ቁጣ ነበር የጠበቅኩት። ቢያንስ ትዝብት። ቄሱ ጠረጴዛው ላይ የወደቀ የዳቦ ፍርፋሪ በጣቱ ይለቅማል። ከዚያ ሼባው፣ ሰባ ሊሞላው የተቃረበው ሼባው፣ ጉሮሮውን ጠረገ።

"ያኔ ቤቴ ከጣቢያው አሥር ደቂቃ ነበር" አለ። "በእግር።"

ሌላ ምንም አልጨመረም። ቀጥሎ ደግሞ ካፒቴኑ፣ ያኔ ለእረፍት ሀገር ቤት ነበረ፣ የወዲ ጊንዳን ባለቤት መንገድ ላይ አይቷት ወደ ሌላ መንገድ መታጠፉን ተናገረ። ነጠላዋ መርሱን ሳይቀር ያስታውሳል። ቄሱ ደብረ ብርሃን ሆኖ በሁለተኛው ቀን ሰምቷል። ደብዳቤ ጀምሮ ነበር፣ አልጨረሰውም።

ያኔ አዲስ አበባ ዘጠኝ ነበርን። ዘጠኛችንም ሰምተን ነበር። አንድም ሰው አልሄደም።

እኔ ይህን ሁሉ ዘመን ያች ሴት እኔን ብቻ ያዳነችኝ ይመስለኝ ነበር። ሌሎቹ ሳይሰሙ የቀሩ፣ ቢሰሙ የሚሄዱ ይመስለኝ ነበር። እነሱም በበኩላቸው "ይሄ ሄዷል" እያሉ ተጽናንተው ኖረዋል። አንድ ሰው ከሄደ ኮርሱ ሄዷል። ለዚህ ነው ታሪኳን እንደዚያ የሚወዷት፣ ለዚህ ነው ለልጆቻቸው የሚያወሯት። አውቶቡስ መስኮት ስር ቆማ፣ እግሯ ጭቃ ውስጥ፣ በአንዲት ዓረፍተ ነገር ዘጠኝ ሰው ከነልጆቹ ተሸከመች።

ሲመሽ ሁላችንም ሳንነሳ በሼባው ስልክ ኢሞ ላይ ደወልንላት። ምስሉ ይቆራረጣል። ጥቁር ለብሳለች፣ ከኋላዋ የጊንዳው ግድግዳ ይታያል።

"ነገርካቸው?" አለችኝ።

"ነገርኳቸው። እነሱም ነገሩኝ።"

ገባት። ለጥቂት ጊዜ ምስሉ የቆመ መስሎን ነበር፤ እሷ ነች የቆመችው። ከዚያ ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ ሳብ አደረገች።

"ስንት ቀራችሁ?" አለች።

"አሥራ አራት።"

"እሱ በአልጋ ነበር የሚቆጥራችሁ። እስቲ ከበሩ ጀምርና ቁጠርልኝ።"

ከበሩ ጀመርኩ። የረሳሁትን አልጋ ሼባው እየሞላልኝ፣ ማን የት እንዳለ፣ ማን ምን እንዳመመው፣ የማን ልጅ እንዳገባች፣ አንድ በአንድ ነገርናት።